ባኽ ወይስ ሾፓን፦ ማታ ማታ ቤቱ ለሚጫወት ሰው

ከሥራ መልስ ግማሽ ሰዓት ፒያኖ የምንነካካ ሰዎች ስንገናኝ ክርክሩ ያው ነው፤ የጀርመናዊው አቀናባሪ የባኽ ኢንቬንሽኖች (ሁለቱ እጆች እንደ ሁለት ዘፋኝ የሚነጋገሩባቸው አጫጭር ሥራዎች) ወይስ የፖላንዳዊው የሾፓን ፕሬሉዶች (አጫጭር የፒያኖ ሥራዎች)?

ባኽ 15ቱን ባለ ሁለት ድምፅ ኢንቬንሽኖች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1723 ሲያሰናዳ፣ በርዕሱ ገጽ ላይ ለክላቪየር (እንደ ፒያኖ ቁልፍ ላላቸው መሣሪያዎች) ወዳጆች፣ በተለይም መማር ለሚሹ ብሎ ጽፏል። እኛን ማለቱ ነው። ምሕረት ግን የለውም። ግራ እጅ እዚህ አጃቢ አይደለም፤ ቀኝ እጅ ያለውን ተቀብሎ ይደግማል፣ ይከራከራል፣ አንዳንዴም ራሱ ይቀድማል። በፔዳል፣ ድምፅ በሚያስረዝመው የእግር መርገጫ፣ የሚሸፈን ስህተት የለም፤ አንድ ጣት ከሳተች ጎረቤትም ይሰማል። የመጀመሪያውን «ሁለት ገጽ አይደል?» ብዬ ንቄው ወራት ፈጅቶብኛል።

ሾፓን ድካማችሁን ቶሎ ይክሳል። በ1839 ከታተሙት 24 ፕሬሉዶች አራተኛው፣ በራሱ ቀብር ላይ በኦርጋን የተሰማው፣ ለጀማሪ ጣት አይከብድም፦ ቀኝ እጅ ጥቂት ኖታ ያንጎራጉራል፣ ግራው አኮርዶቹን (አብረው የሚመቱ ኖታዎችን) እየደጋገመ ቀስ በቀስ ወደ ታች ይወርዳል። በትዝታ ላደገ ጆሮ ደግሞ ኀዘኑ እንግዳ አይደለም። ጭንቁ አኮርዶቹን ሳያንኳኩ፣ እኩል አድርጎ መንካቱ ላይ ነው። (16ኛውን ግን አትሞክሩት፤ የባለሙያ ጣት ነው የሚፈልገው።)

ያላችሁ ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ ብቻ ከሆነ እኔ ባኽን እመርጥላችኋለሁ፤ ለኢንቬንሽኖቹ ያ ይበቃል። ሾፓን ያለ ጥሩ ፔዳል ይደርቃል።