ክሮም፣ ኦፔራ ሚኒ፣ ብሬቭ ወይስ ፋየርፎክስ? ዳታንም ምስጢርንም የሚጠብቀው የትኛው ነው

እዚህ ጅማ አዲስ ስልክ የሚገዛ ወዳጄ ሁሉ ደጋግሞ የሚጠይቀኝ ኢንተርኔት በየትኛው ብራውዘር ቢከፍት እንደሚሻለው ነው። ሁሉም በነጻ ስለሚገኙ ዋጋ የሌላቸው ይመስላሉ። ነገር ግን ዋጋቸው በሁለት በኩል ይከፈላል፤ አንደኛው ከገዛነው ጥቅል በሚበሉት ሜጋባይት፣ ሁለተኛው ስለ እኛ በሚሰበስቡት መረጃ። ሁለቱንም ስመዝን የእኔ ምርጫ ፋየርፎክስ ነው።

አብዛኛው ሰው የሚሟገተኝ ስለ ኦፔራ ሚኒ ነው፤ ሙግቱም ከኪስ የሚነሣ ስለሆነ የሚናቅ አይደለም። ኦፔራ ሚኒ በከፍተኛው የቁጠባ ደረጃ ሲሠራ የምንፈልገውን ገጽ ስልካችን በቀጥታ አያመጣውም፤ የኩባንያው ሰርቨር ገጹን ከፍቶና ጨምቆ ይልክልናል። አንድ ጊጋ ገዝቶ ሳምንቱን ሊገፋ ለሚፈልግ ተማሪ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ሆኖም ሰርቨሩ ገጹን ለመጭመቅ አስቀድሞ ማንበብ ስላለበት፣ ከስልካችን እስከ ባንካችን ወይም እስከ ኢሜይላችን ሳይፈታ መድረስ የነበረበት ምስጠራ (መረጃውን ሌላ ሰው እንዳያነበው የሚቆልፈው ዘዴ) መሐል መንገድ ላይ ይፈታል። ፍርድ ቤት ደጃፍ ለተቀመጠ ማመልከቻ ጸሐፊ ጉዳይን እንደ ማስረዳት ነው፤ ሳይሰማ መጻፍ አይችልም። ስለዚህ የኳስ ውጤት ይታይበት፣ ዜናም ይነበብበት፤ የይለፍ ቃል ግን በዚያ የቁጠባ ደረጃ ፈጽሞ አይጻፍበት። ኦፔራን እ.ኤ.አ. በ2016 የቻይና ባለሀብቶች መግዛታቸውን እንደ ዋና ምክንያት የሚያነሡ አሉ፤ ለእኔ ግን የምስጠራው መፈታት ብቻውን በቂ ነው።

ክሮም ከአንድሮይድ ስልክ ጋር ተጭኖ ስለሚመጣ ለማውረጃ ምንም አያስወጣም፤ ከአደገኛ ገጾች በመከላከል በኩልም ጠንካራ ነው። ችግሩ ባለቤቱ ጉግል ገቢውን በዋናነት የሚያገኘው ከማስታወቂያ መሆኑ ነው። ብዙዎች «ኢንኮግኒቶ» ሲከፍቱ ማንም የማያያቸው ይመስላቸዋል፤ ይህ ስልት ግን ታሪኩን የሚደብቀው ያንኑ ስልክ ከሚነካ ሰው እንጂ ከሚከፈተው ድረ ገጽ ወይም ከኢንተርኔት አቅራቢው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ በዚሁ ጉዳይ ጉግል ተከሶ፣ በ2024 በስምምነት ሲቋጭ በቢሊዮን የሚቆጠሩ የአሰሳ መዝገቦችን ለመሰረዝ ተስማምቷል። በስልክ የሚሠራው ክሮም ማስታወቂያ ማገጃ ተጨማሪ (ኤክስቴንሽን) አይቀበልም፤ በኮምፒውተሩም ቢሆን ዩብሎክ ኦሪጅን የተባለው ታዋቂ ማገጃ እንዳይሠራ ተደርጓል።

ፋየርፎክስን የምመርጠው በዋናነት ለዚሁ ነው። በአንድሮይድ ስልክ ከምናሌው ውስጥ «ኤክስቴንሽን» የሚለውን ከፍቶ ዩብሎክ ኦሪጅንን መጨመር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ ማስታወቂያውና እኛን የሚከታተለው ኮድ ከመጀመሪያውም ስለማይወርዱ ለእነርሱ ከጥቅላችን አንከፍልም። ስለዚህ የኦፔራ ሚኒ ደጋፊዎች የሚመኩበትን ቁጠባ በከፊል ያስገኛል፤ ምስጠራውም አይነካም። ሲወርድ ወደ 100 ሜጋባይት ስለሚወስድ ዋይፋይ ባለበት ወይም በሌሊት ጥቅል ማውረድ ይመከራል። እንከን የለሽ ነው ማለቴ ግን አይደለም። አዘጋጁ ሞዚላ የገቢውን አብዛኛውን ክፍል የሚያገኘው ጉግልን ዋና መፈለጊያ በማድረጉ ከዚያው ከጉግል ነው፤ በ2025 መጀመሪያ ላይም መረጃችሁን አንሸጥም የሚለውን ግልጽ ቃሉን ከገጹ ላይ በማንሣቱ ብዙ ተጠቃሚ ተቆጥቷል። በሴቲንግ ውስጥ የመረጃ መሰብሰቢያውን ማጥፋት ይቻላልና እኔ ለማንም ስጭን አጥፍቼ ነው የምሰጠው።

የብራውዘሩ ስም ብቻ ሳይሆን የተገኘበት መንገድም ያን ያህል ወሳኝ ነው። ሄርማታ መርካቶ ቅመም የሚነግዱ ጎረቤቴ በቅርቡ ስልካቸውን ይዘው መጥተው «ልጄ፣ ይኼ ስልክ ቫይረስ ገብቶብሃል እያለ ሌሊቱን ሙሉ ይጮኻል፤ ሠሪው ፍላሽ ካልተደረገ አይድንም፣ 600 ብር አምጪ አለኝ» አሉኝ። «እትዬ፣ ብሩን ያቆዩት፤ እስቲ መጀመሪያ ልየው» ብዬ ከፈትኩት። የተጫነው በዜንደር የተላከ፣ «ፕሪሚየም» የሚል ቅጥያ ያለው የክሮም ቅጂ ነበር፤ ለመጫኛ ብቻ 150 ብር ተቀብለዋቸዋል። ምልክቱ ከእውነተኛው ጋር ቢመሳሰልም የፈቃድ ዝርዝሩ ውስጥ ኤስኤምኤስ ማንበብ ነበረበት፤ የባንክ ማረጋገጫ ቁጥር በኤስኤምኤስ እንደሚመጣ ላስተዋለ ሰው ይህ የሚያስደነግጥ ነው። ማጥፋቱ አንድ ሳንቲም አላስወጣም፤ የባንካቸውን የይለፍ ቃል ግን እዚያው አስቀየርኳቸው።

እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ያደረበት ሰው በብዙ ስልኮች ላይ የአፑን መረጃ ገጽ እስከ ግርጌው ቢወርድ ከፕሌይ ስቶር የተጫነ መሆን አለመሆኑን ያገኛል። ይሁንና የሚጮኸው ሁሉ የሐሰት ቅጂ አይደለም፤ በእውነተኛው ክሮምም አንድ ድረ ገጽ ኖቲፊኬሽን ልላክ ብሎ ሲጠይቅ ሳያነቡ «ፍቀድ» ማለት ያንኑ ጣጣ ያመጣል፤ መፍትሔውም ፈቃዱን ከሴቲንግ መንጠቅ እንጂ ፍላሽ ማድረግ አይደለም።

በእጅ በእጅ ከሚዞሩት መካከል ዩሲ ብራውዘርም አይጠፋም። የካናዳው የምርምር ተቋም ሲቲዝን ላብ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ምርመራ የቻይንኛ ቅጂው የስልኩን መለያ ቁጥርና የተጠቃሚውን መገኛ በቂ ምስጠራ ሳይኖረው እንደሚልክ አሳይቷል። እኔ ከስልክ ላይ ሳገኘው አስፈቅጄ አጠፋዋለሁ።

ብሬቭ ማስታወቂያን ያለ ምንም ተጨማሪ ስለሚያግድ ሴቲንግ መነካካት ለማይወድ ሰው ምቹ ነው። በ2020 ተጠቃሚው የክሪፕቶ (የዲጂታል ገንዘብ) መገበያያ ድረ ገጽ አድራሻ ሲጽፍ የራሱን የኮሚሽን ኮድ እየጨመረ ተይዞ ይቅርታ ጠይቋል፤ አሁንም ስለ ክሪፕቶ የሚያሳየው ነገር ይበዛብኛል። በወር 10 ዶላር አካባቢ የሚያስከፍለውን ቪፒኤን ደግሞ ማንም ባይገዛ እመክራለሁ፤ በዛሬ ምንዛሪ ከ1,000 ብር በላይ ነው፣ በዚያ ብር ደህና የዳታ ጥቅል ይገዛል።

ስልኩ 2 ጊጋ ራም ብቻ ላለው ሰው ፋየርፎክስ ሊከብድበት ስለሚችል ብሬቭን ልጫንለት እችላለሁ። 3 ጊጋና ከዚያ በላይ ካለው ግን ፋየርፎክስን ከዩብሎክ ኦሪጅን ጋር ያድርግ፤ ከስልኩ ጋር የመጣውን ብራውዘር ማጥፋት ካልተቻለ «ዲሴብል» ብሎ ፋየርፎክስን ከሴቲንግ ዋና ብራውዘር ያድርገው፤ አለዚያ ከቴሌግራም የሚነካው ሊንክ በአሮጌው ሊከፈት ይችላል።