ሞኒተሬን ለጠገኑልኝ ጋሼ ምስጋና፣ ለሚፈልግ ደግሞ ጥቆማ

የኮምፒውተር ሞኒተር የሚጠግን ታማኝ ሰው ለምትፈልጉ፣ መገናኛ አካባቢ አንድ ጋሼ አሉ። ስማቸውንና ስልካቸውን በአደባባይ እንዳላወጣ ስለጠየቁኝ እዚህ አልጽፈውም። በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ግን እሰጣለሁ፣ ፈቅደውልኛል። "ጎበዝ ናቸው" ብዬ ብቻ ማለፍ ስላልፈለግኩ ምን እንደሠሩልኝ በዝርዝር ልንገራችሁ።

የምሠራው የመጽሐፍ ገጽ ቅንብር ነው። ላፕቶፔ ትንሽ ስለሆነ 22 ኢንች ሞኒተር ላይ ሰክቼ ነው ቀኑን ሙሉ የምውለው። ይሄ ሞኒተር መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ማስቸገር ጀመረ። ቁልፉን ስጫነው የምስሉ ብርሃን ብቅ ይልና ወዲያው ድርግም ይላል፣ ከታች ያለችው ትንሿ መብራት ደግሞ ብልጭ ብልጭ ትላለች። ደጋግሜ ሳጠፋና ሳበራው፣ ትንሽ ሞቅ ሲለው ይነሳና እስከ ማታ ያለ ችግር ይሠራል። እየቆየ ግን ለመነሳት የሚፈጅበት ጊዜ እየረዘመ ሄደ። በመጨረሻ ጭራሽ እምቢ አለ። ከውስጡ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ብቻ ይሰማል።

መጀመሪያ የወሰድኩበት ሱቅ ሳይከፍቱት "ፓኔሉ ሞቷል፣ አዲስ ግዢ" አሉኝ፣ ፓኔል የሚሉት ምስሉን የሚያሳየውን ስክሪን ራሱን ነው። የአዲሱንም ዋጋ እዚያው ነገሩኝ። ከዚያ ነው አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ወደ ጋሼ የላከችኝ።

ጋሼ ሞኒተሩን ተቀብለው ጠረጴዛ ላይ አስተኙትና መጠየቅ ጀመሩ። "ልጄ፣ መጀመሪያ ሲያስቸግርሽ ምን ነበር የሚያደርገው? የሚብሰው ቀዝቅዞ ነው ሞቆ?" ነገርኳቸው። "ፓወሩን ነው የምጠረጥረው፣ ግን ሳልከፍት አልምልም" አሉኝ፣ ኤሌክትሪክ የሚያቀርበውን ክፍል ማለታቸው ነው። ሰክተው አበሩትና በእጅ ባትሪ ስክሪኑን በአግድም እያበሩ ተጠግተው አዩት። ከጀርባ የሚያበራው መብራት ብቻ ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ ምስሉ በባትሪው ብርሃን ደብዘዝ ብሎ ይታይ ነበር። ምንም የለም። እንግዲህ ችግሩ ከዚያም ወደ ኋላ፣ ኤሌክትሪኩ ከሚገባበት ነው ማለት ነው።

አከፋፈታቸውን ብታዩ! በዊንዲቨር አልፈለቀቁትም። በቀጭን ፕላስቲክ ዙሪያውን ቀስ እያሉ ነው ያላቀቁት፣ አንድ ጥርስ እንኳ አልተሰበረም። ቦርዱን ከመንካታቸው በፊት ደግሞ ትልቁን ካፓሲተር፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመውን ዕቃ ማለት ነው፣ ሬዚስተር በምትባል ኤሌክትሪኩን ቀስ አድርጋ በምታሳልፍ ዕቃ አራገፉት፣ ከዚያ ባዶ መሆኑን በቴስተር ለኩ። ከግድግዳ የሚገባው 220 ቮልት ወደ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ (ዲሲ) ተቀይሮ እዚህ ጋ ወደ 310 ቮልት ገደማ ይጠራቀማል። ገመዱ ከተነቀለም በኋላ ሊቆይ ይችላል። ዩቲዩብ አይታችሁ ቤት ውስጥ ልትከፍቱ የምታስቡ ካላችሁ፣ እባካችሁ ይህቺን ነገር አትርሷት። ሰው ይገድላል።

ከዚያ ጠሩኝና አሳዩኝ። በውጪው በኩል፣ ወደ ዋናው ቦርድ ኤሌክትሪክ በሚልከው በኩል ማለት ነው፣ የተደረደሩ ካፓሲተሮች አሉ። አናታቸው ጠፍጣፋ መሆን ሲገባው ሦስቱ ተነፍተዋል፣ አንዱ እንዲያውም ቡናማ ነገር አውጥቷል። "ካፓሲተር ማለት ጣሪያ ላይ እንዳለው ሮቶሽ ነው" አሉኝ። "ውሃው ቢቆራረጥም ሮቶው ደህና ከሆነ ቧንቧሽ አያስቸግርሽም። እነዚህ ግን መያዝ አቅቷቸዋል።" ውስጣቸው ያለው ፈሳሽ በሙቀት ብዛት እየደረቀ ሲሄድ፣ ሞኒተሩ ሲነሳ የሚፈልገውን ኤሌክትሪክ አረጋግተው ማቅረብ አይችሉም። ቮልቱ ይወርዳል፣ መቆጣጠሪያው ያጠፋዋል፣ እንደገና ይሞክራል፣ እንደገና ያጠፋዋል። ጠቅ ጠቅ የሚለው ይሄ ነበር። ሞቅ ሲለው የሚነሳውም ያረጀ ካፓሲተር ሲሞቅ ትንሽ ስለሚሻለው ነው። እኔ ያ ሁሉ ጊዜ ግራ የገባኝ ነገር በአንድ ጊዜ ግልጽ አለልኝ።

በጣም የወደድኩላቸው ግን ቀጥሎ ያደረጉት ነው። ሦስቱን ቀይረው ቢሰጡኝ ሞኒተሩ ይነሳ ነበር፣ እኔም አመስግኜ እሄድ ነበር። እሳቸው ግን የቀሩትንም አንድ በአንድ እያወጡ ለኩ። ከነዚያ ውስጥ ለዓይን ምንም ያልሆነ የሚመስል አንድ ነበር፣ ሲለካ ግን ሞቷል። "ይሄንን ብተወው ከጥቂት ወር በኋላ ትመለሺ ነበር" አሉኝ።

የገጠሙትም አዲስ ዕቃ ነው። ከሌላ ቦርድ የተነቀለ ካፓሲተር አይገጥሙም፣ እሱም ያው የደከመ ነው ይላሉ። የነበሩት 1000 ማይክሮፋራድ 16 ቮልት ናቸው፣ ማይክሮፋራድ የመያዝ አቅሙ መለኪያ ነው፣ ቮልቱ ደግሞ የሚችለው ጣሪያ። እሳቸው የተኩት በ1000 ማይክሮፋራድ 25 ቮልት፣ 105 ዲግሪ ሙቀት በሚችለው ነው። ማይክሮፋራዱ ያው መሆን አለበት፣ ቮልቱ ከነበረው ከፍ ቢል ችግር የለውም፣ ዝቅ ካለ ግን ሊፈነዳ ይችላል። ባለ 85 ዲግሪውም ገበያ ላይ አለ፣ ይረክሳል፣ ግን ከጀርባ መብራቱ ጋር ተጣብቆ እዚያ ሙቀት ውስጥ ሲውል ዕድሜው ያጥራል። የፖዘቲቭና የኔጌቲቭ አቅጣጫውን ሁለት ጊዜ አይተው ነው የበየዱት።

ሲበራ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። እሳቸው ግን "ቆይ፣ ገና ነው" ብለው ክፍት እንዳለ ትተውት ሌላ ሥራ ያዙ። እየመጡ ይለካሉ፣ ወደ ዋናው ቦርድ የሚላከው 5 ቮልት 5 ላይ ቆሟል። ሲቀዘቅዝም እንዲያዩት አጥፍተው አሳደሩት፣ እኔም በማግስቱ መጥቼ ወሰድኩ። ሒሳቡ የእጅም የዕቃም ተደምሮ አንድ ሺህ ብር አልሞላም። የወጡትን አሮጌ ካፓሲተሮችም በፌስታል አድርገው ሰጡኝ፣ ምን እንደተቀየረ እንዳውቅ።

እዚያው ቁጭ ብዬ ሳለሁ አንድ ልጅ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ሞኒተር ይዞ መጣ። ጋሼ ገና ሲያዩት "ይሄ ገንዘብህን ያስጨርስሃል እንጂ አይሆንም፣ ፓኔሉ ከአዲስ አይተናነስም" ብለው ሳያስከፍሉ መለሱት። የማይሆነውን አይሆንም የሚል ባለሙያ ማግኘት እንዴት እንደሚያስደስት የተቸገረ ያውቀዋል።

ለመሄድ የምታስቡ፣ የመብራት ገመዱን አብራችሁ ያዙ፣ አንዳንዴ ጥፋቱ ገመዱ ላይ ነው። አስማሚው (አዳፕተሩ) ከውጪ የሆነ ሞኒተር ካላችሁ አስማሚውን አትርሱ። ምልክቱን በደንብ አስታውሳችሁ ንገሯቸው፣ ይጠይቃሉ። የሚቸኩል ሰው ግን ሊከፋው ይችላል፣ ሥራቸውን አያዋክቡም። እሑድ ዝግ ነው።

ለእኔ የሰጡኝን ምክርም ላካፍላችሁ። መብራት ሲሄድ ሶኬቱን ንቀሉ፣ ሲመጣም ወዲያው አትሰኩ፣ ትንሽ ይርጋ። ማታ ሞኒተሩን በቁልፉ ብቻ ሳይሆን ከማከፋፈያው አጥፉት። የጀርባውን የአየር ቀዳዳ በመጋረጃም በግድግዳም አትድፈኑት።

ጋሼ፣ ይሄንን ልጅዎ ታነብልዎታለች ብለውኛልና፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። ሰው ሁሉ "ጣይው" ያለኝን ዕቃ ከፍተው አይተው ስላዳኑልኝ፣ ለጥያቄዬም ሁሉ ሳይሰለቹ ስለመለሱልኝ ከልቤ አመሰግናለሁ።