የቮልስ ሞተር ሲወርድ፦ 1300 ሲሲውን በልኩ ማደስ ወይስ 1600 ሲሲ ማድረግ?

«ሞተሩ ዘይት በላ፣ ዳገት ላይ ደከመ። በልኩ ላሳድሰው ወይስ 1600 ላድርገው?» ከደጀን እስከ ባሕር ዳር ቮልስ የያዘ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። መልሱ አጭር ነው፦ ብሎኩ ለማንኛውም ለጥገና ለሁለት የሚከፈል ከሆነ 1600 አድርጉት፣ ያውም በ85.5 ሚሊሜትር ፒስተን። የማይከፈል ከሆነ ደግሞ የ1300ውን 77 ሚሊሜትር ፒስተን በአዲስ 77 ለውጣችሁ ንዱት። ሻጮች በመሀል የሚያስገቧቸው ሁለት ምርጫዎች አሉ፤ «በዚያው ቀዳዳ የሚገባ» የሚባለው 87 ሚሊሜትርና ያገለገለ ሙሉ ሞተር። ሁለቱም ርካሽ መስለው ውድ ናቸው።

ስለ ዋጋ ስናወራ በብር ቁጥር መጻፍ ትርጉም የለውም። ከሐምሌ 2016 ጀምሮ የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ገበያ ላይ ዛሬ የተነገረ ዋጋ ለከርሞ ቀርቶ ለሚቀጥለው ወር አይሆንም። ስለዚህ በእጅ እናስላ። አራት ሲሊንደር ከነፒስተኑና ከነፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) 100 ብር ነው እንበል። በዚህ ሂሳብ ሁለት አዲስ ቴስታታ (የሲሊንደሩ ክዳን) ወደ 200 ይጠጋል፣ የክራንክሻፍት፣ የቢዬላና የካምሻፍት ብሮንዚና (ዘንጉ የሚሽከረከርበት ማረፊያ) ተደምሮ ከ40 እስከ 50፣ የጓርኒሲዮን ስብስብ ከ10 እስከ 15 ነው። ዋናው ነገር ግን ይህ ነው፦ የ77 ስብስብ ከ85.5 ስብስብ እምብዛም አይረክስም። 85.5 ገበያው ሰፊ ስለሆነ በብዛት ይመረታል፤ 77 ፈላጊው ጥቂት ነው፣ አንዳንዴም ዋጋው ይብሳል። እንግዲህ በልኩ በማደስና 1600 በማድረግ መካከል ያለው የገንዘብ ልዩነት የዕቃ ሳይሆን የቶርኖ (በማሽን የመቦርቦር ሥራ) ነው። ለዚህ ነው ጥያቄው «ብሎኩ ለማንኛውም ቶርኖ ቤት ይሄዳል ወይ?» የሚል መሆን ያለበት።

ይህን ለማወቅ ሞተሩን ማውረድ አያስፈልግም። ሞተሩ ጠፍቶ የክራንክሻፍቱን ፑሌጃ በሁለት እጅ ያዙና ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግፉ፣ ጎትቱ። ፋብሪካው የፈቀደው ጆኮ (የልቅነት ክፍተት) ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊሜትር ሲሆን የመጨረሻው ገደብ 0.15 ነው። ይህን ያህል ክፍተት በእጅ እምብዛም አይታወቅም። «ቀጭ ቀጭ» ካለ ብሮንዚናው ብቻ ሳይሆን የተቀመጠበት የብሎኩ ወንበር ጭምር ተቀጥቅጧል። ብሎኩ የማግኒዥየም ቅይጥ ስለሆነ ይለሰልሳል፤ ስለዚህ ወንበሩ በመስመር ተቦርቡሮ በውጭ በኩል 0.50 ወይም 1.00 የወፈረ ብሮንዚና ይፈልጋል። ይህን ሳያደርጉ በተቀጠቀጠ ወንበር ላይ አዲስ ብሮንዚና የሚያስቀምጡ አሉ፤ የዘይት ግፊቱ ሞተሩ ሲሞቅ ተመልሶ ይወድቃል፣ የከፈላችሁትም አብሮ።

ጆኮው ጤነኛ ከሆነ፣ የዘይት መብራቱም ሞተሩ ሞቆ በዝግታ ሲሠራ የማይበራ ከሆነ ብሎኩን አትንኩ። ቴስታታውን አውርዱ፣ 77ቱን ለውጡ፣ ቫልቭ አስገጥሙ፣ ጨረሳችሁ። በዚህ ሁኔታ ላይ ላለ ሞተር 1600 ማለት ያልታመመን ሰው ማስተኛት ነው።

ብሎኩ ግን የሚከፈል ከሆነ ቁጥሮቹን ተመልከቱ። ባለ አንድ ቀዳዳ ቴስታታው (ሁለት ሲሊንደር አንድ ማስገቢያ የሚጋሩበት) 1300 በጀርመን መለኪያ 40 የፈረስ ጉልበት ነው። ከፍታ በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ይቀንሳል፤ ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,450 ሜትር ስለሆነ ከአራት እጅ አንዱ ሄደ ማለት ነው፣ 30 ቀረ። 1600ው ባለ አንድ ቀዳዳ ሲሆን 47፣ ባለ ሁለት ቀዳዳ ሲሆን 50 ነው፤ ማርቆስ ላይ 36 እና 38 አካባቢ ይሆናሉ። በሌላ አነጋገር እዚህ 1600 አድርጋችሁ የምታገኙት ጉልበት ፋብሪካው ለ1300 ከጻፈው ገና ያንሳል። ስለዚህ «1600 ለወጣት ፉጨት ነው» የሚለውን አትስሙ። እንጅባራ ላይ አራት ሰው ጭኖ በሦስተኛ ማርሽ መሄድና በሁለተኛ እየጮሁ መሄድ ልዩነቱ ይኸው ነው።

አባይ በረሃ ደግሞ ሌላ ነገር ያመጣል። ድልድዩ ጋ ከባሕር ወለል በላይ 1,000 ሜትር ግድም እስከሚሆን ወርዳችሁ ወደ ደጀን ከ1,400 ሜትር በላይ መውጣት አለ። በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር በዝግታ ፍጥነትና በከባድ ጭነት ሲሠራ ነው የሚቃጠለው። ጉልበት ያነሰው ሞተር ጋዙ እስከ መጨረሻ ተረግጦ፣ ቬንቲላተሩ ቀስ እያለ ሲጎትት ይሞቃል። 1600ው ጋዙ እስከ መጨረሻ ሳይረገጥ ያንኑ ዳገት ይወጣዋል። ለማንኛውም ሞተሩ ከመጨነቁ በፊት ማርሽ አውርዱ፤ ዝቅ ባለ ማርሽ ዙሩ ከፍ ሲል ቬንቲላተሩም ይነፍሳል።

ወደ ቶርኖው እንምጣ፤ ገንዘብ የሚፈሰው እዚህ ነው። የ1300 ብሎክ ለ85.5 ሲሊንደር ወደ 90 ሚሊሜትር፣ ቴስታታው ወደ 94 ሚሊሜትር መስፋት አለበት። ብሎኩ የሚቦረቦረው ሁለቱ ግማሾች ተገጥመው፣ ዳዶዎቹ በልካቸው ጠብቀው ነው፤ ትላልቆቹ 12 ሚሊሜትሮች 34 ኒውተን ሜትር፣ ትንንሾቹ 8 ሚሊሜትሮች 20። ግማሽ ግማሹን ለየብቻ ይዞ «እሰፋዋለሁ» የሚል ቶርኖ ቤት ካጋጠማችሁ ብሎኩን ይዛችሁ ውጡ። ቀዳዳው ክብ ሳይሆን እንቁላል ይሆናል፣ ሲሊንደሩም ጠምዞ ይቀመጣል፣ ዘይት ደግሞ ከሥሩ ያለቅሳል። ገጥሞ መቦርቦር የለመደ ባለሙያ ከሌለ ብሎኩን ወደ አዲስ አበባ መላክ ይሻላል፤ ባዶውን፣ በእንጨት ሣጥን፣ የሁለቱን ግማሽ መገጣጠሚያ ፊት ምንም ነገር እንዳይነካው በወፍራም ካርቶን ለይታችሁ። በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ የተወረወረ ብሎክ ጠርዙ ከተሰበረ ዕቃም ቶርኖም አያድነውም።

ከቦረቦሩ በኋላ የሚረሳው ነገር አንድ ነው፣ የዘይት ቦዮቹን ማጠብ። የብረት ብናኙ ቦዮቹ ውስጥ ይገባል፤ የቦዮቹ መድፈኛዎች ተነቅለው፣ በሽቦ ብሩሽና በነዳጅ ታጥበው፣ በአየር ተነፍተው መመለስ አለባቸው። ሥራውን ስትነጋገሩ ይህ በዋጋው ውስጥ መሆኑን ጠይቁ። ከሌለበት ርካሹ ዋጋ ርካሽ አይደለም፤ አዲሱ ብሮንዚና በመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች ይቧጨራል።

ሁለተኛው የቶርኖ ወጥመድ የመጭመቂያ ልኬቱ ነው። ሲሊንደሩ ሲሰፋ የቴስታታው ጓዳ (ቤንዚኑ የሚቃጠልበት ክፍተት) ግን አልሰፋም፤ ስለዚህ ጭመቱ ይጨምራል። 1584 ሲሲ ለአራት ሲካፈል 396 ነው። ቴስታታው በመርፌ (በሲሪንጅ) ሲለካ ጓዳው 50 ሲሲ ከሆነ፣ ፒስተኑ ከፍ ሲል ከሲሊንደሩ ጫፍ 1.5 ሚሊሜትር ዝቅ ብሎ ከቆመ ሌላ 8.6 ሲሲ ይጨመራል፣ ድምሩ 58.6፤ ጭመቱ 7.8 ለ1 ይወጣል። ይህ ደህና ነው። ጓዳው 46 ከሆነ 8.25 ይሆናል፣ ለበረሃው ዳገት ይህ ብዙ ነው፤ ሞተሩ «ይነጥራል»፣ ፒስተንም ይበሳል። መፍትሔው ከሲሊንደሩ ሥር ቀጭን የመዳብ ቀለበት ማስገባት ነው እንጂ ዝም ብሎ መግጠም አይደለም። ጓዳው በመርፌ የተለካ መሆኑን ያልጠየቀ ሰው ተገጥሞ ሲመጣለት የሚያውቀው በጆሮው ነው።

ቀዳዳው 90 እና 94 ከሆነ በኋላ ሻጩ «በዚሁ ቀዳዳ 87 ይገባል፣ ዋጋውም ያው ነው፣ 1641 ሲሲ ይሆንልሃል» ይላል። ይገባል፣ እውነቱን ነው። የውጭ ዲያሜትሩ አንድ ሆኖ ውስጡ የሰፋው ግን ከሲሊንደሩ ግድግዳ ተወስዶ ነው። ግድግዳው ቀጭን ስለሆነ ሲሞቅ ይጣመማል፣ ፋሻው መያዝ ያቆማል፣ ዘይት ይነድዳል፣ መልሳችሁ ሌላ ስብስብ ትገዛላችሁ። 57 ሲሲ ለመጨመር ይህን ያህል ገንዘብ አይወጣም።

ያገለገለ ሙሉ ሞተርስ? ዋጋው ሲጠራ ከእድሳቱ ያነሰ ይመስላል፤ ግን ውስጡን ካልከፈታችሁ አታውቁትም፣ ከከፈታችሁት ደግሞ እድሳቱን ሁለት ጊዜ ከፈላችሁ። «1600 ነው» ከተባላችሁ ከዲናሞው መቆሚያ በታች ብሎኩ ላይ የተቀረጸውን ፊደል አንብቡ። «ኤፍ» እና «ኤቢ» 1300 ናቸው፣ «ኤች» 1500፣ «ኤዲ» እና «ኤኤስ» 1600። ፊደሉ ተፍቆ ወይም በመዶሻ ተለስኖ ካያችሁ ዋጋ አትጠይቁ። ቀለም የተቀባ ሞተርም ያው ነው፤ ማግኒዥየም ቀለም የሚፈልገው ስንጥቅ የሚሸፈንበት ቦታ ሲኖር ነው፣ ከሦስተኛው ሲሊንደር ኋላና ከፍላይዊሉ አካባቢ በኩል በብርሃን ፈልጉ።

አስመስሎ የተሠራ ዕቃ ላይ ጊዜ ስጡ፣ በዚህ መደብ ሰው የሚታለለው በካርቶን ነው። የታወቀ የጀርመን ስም የታተመበት ካርቶን ውስጥ ምን እንዳለ አያሳይም። ሳጥኑ ተከፍቶ ሻጩ ፊት ሦስት ነገር አድርጉ። መጀመሪያ አራቱን ፒስተኖች በኤሌክትሮኒክ ሚዛን መዝኑ፤ ከ10 ግራም በላይ ልዩነት ካለ መልሱ። ቀጥሎ አንድ ፋሻ ሲሊንደሩ ውስጥ አስገቡና በፒስተኑ ራስ ቀጥ አድርጋችሁ ግፉት፤ የጫፍ ክፍተቱ ከ0.30 እስከ 0.45 ሚሊሜትር መሆን አለበት። 0.70 ከሆነ አዲስ የተባለው ግማሽ ዕድሜውን ጨርሷል። ሦስተኛው፣ ፒስተኑን ያለ ፋሻ ሲሊንደሩ ውስጥ ዝቅ አድርጉት፤ ክፍተቱ ከ0.04 እስከ 0.06 ሚሊሜትር ነው፣ ከዚህ ከበለጠ ልቅ ነው። ይህን የማያስደርግ ሻጭ ራሱ መልስ ነው።

አዲስ ቴስታታ ለመግዛት ብር ከጠፋ አሮጌውን ማደስ ይቻላል፤ ግን አንድ ነገር ላይ አትቆጥቡ፣ የሦስተኛው ሲሊንደር የጭስ ማውጫ ቫልቭ። በአሮጌው አሠራር የዘይት ማቀዝቀዣው ቬንቲላተሩ ቤት ውስጥ ከሦስተኛው ሲሊንደር ፊት ስለሚቆም ወደዚያ የሚሄደው አየር ተሞቆ ይደርሳል፤ ቫልቩ ራሱ ተቆርጦ ፒስተን ላይ ይወድቃል። አራቱንም የጭስ ቫልቮች በአዲስ ለውጡ። የአንድ ቫልቭ ዋጋ ከአንድ ፒስተን ያንሳል፣ ሲወድቅ ግን ፒስተኑንም ቴስታታውንም ይወስዳል። ከ1971 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ያለው አሠራር ማቀዝቀዣውን ከዚያ ቦታ አውጥቶ ለብቻው አየር ይሰጠዋል፤ ያንን የአየር ቤት ያገለገለ አግኝታችሁ ብትገዙ የሚያዋጣ ነው፣ ያገለገለ ልግዛ ከተባለ እዚህ ላይ ነው ወጪ የሚደረገው።

የቴስታታው ዳዶዎች ብሎኑ 10 ሚሊሜትር ከሆነ 32፣ 8 ሚሊሜትር ከሆነ 25 ኒውተን ሜትር ይጠብቃሉ። በእጅ ግምት የሚያጠብቅ መካኒክ ብሎኑን ከማግኒዥየሙ ይነቅለዋል። የሚገፋው ዘንግ የሚያልፍባቸው ቱቦዎች ከመገጠማቸው በፊት ከጫፍ እስከ ጫፍ 190 ሚሊሜትር እንዲሆኑ ቀስ ብሎ ይሳባሉ፤ ካልተሳቡ ይንጠባጠባሉ። ቫልቩ ሞተሩ ቀዝቅዞ 0.15 ሚሊሜትር ይስተካከላል።

የሞተሩ ቆርቆሮዎችና በዙሪያው ያለው ላስቲክ ሳይመለሱ ሞተሩን የሚያወጣላችሁ ጋራዥ ካለ ሳትከፍሉ ተመለሱ። ላስቲኩ ከሌለ ከማርሚታ የሚወጣው ሞቃት አየር ከሥር ተመልሶ ቬንቲላተሩ ይሳበዋል።

ካርቡራተሩን ለከፍታ አስተካክሉ። በ2,400 ሜትር አየሩ ስለሳሳ ለባሕር ጠረፍ የተመረጠው ዋና ቀዳዳ ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት ከያዘ አንድ ወይም ሁለት ቁጥር ያነሰ ቀዳዳ ግጠሙና እንደገና ካንዴላውን እዩ፣ ቡናማ ሲሆን ደረሰ። ነገር ግን አባይ ታች ድልድዩ ጋ አየሩ ይወፍራልና ቤንዚኑ ሊሳሳ ይችላል፤ በረሃውን የምትወርዱ ከሆነ አንድ ቁጥር ብቻ አውርዱ። ከ1300 የቀረውን ካርቡራተር ለ1600 መጠቀም ይቻላል፣ ላይኛው ዙር ላይ ትንሽ ይታነቃል እንጂ መንዳቱን አይከለክልም፣ አዲሱን ለመግዛት ደግሞ መቸኮል የለም። አየር ማጣሪያውን ግን የዘይት መታጠቢያ ያለበትን ባለ ድስቱን አትጣሉት፤ ጠፍጣፋው የሚያብረቀርቀው ማጣሪያ የጠጠር መንገድ አቧራ አያቆምም፣ ፋሻውን በአንድ በጋ ይፈጫል።

የታደሰው ሞተር 2.5 ሊትር ዘይት ይወስዳል፤ የመጀመሪያውን ዘይት በ500 ኪሎ ሜትር አፍስሱ፣ ወንፊቱን አውርዱና እጠቡ፣ ቫልቩንም በዚያው ቀን እንደገና አስተካክሉ።