ለእማዬ ወገብ አራት ብሎን ላስገቡት ዶክተር

አናጺ ነኝ። ቪቴና ካቻቢቴ እንጀራዬ ናቸው። ለዚህ ይመስለኛል ባለፈው ዓመት አንድ ሐኪም «የእናትህ ወገብ ላይ ብሎን ይገባል» ብሎኝ፣ ቀና እንኳን ሳይል ቀጣዩን ታካሚ ሲጠራ ሆዴ ቦጭ ያለው። ምን ዓይነት ብሎን? ስንት? ቢላላስ? የሚመልስልኝ አላገኘሁም።

በሰው በሰው ዛሬ የማመሰግናቸው ዶክተር ጋ ደረስን። የእማዬ አራተኛው የወገብ አጥንት በአምስተኛው ላይ ወደ ፊት ተንሸራቶ ነርቭ ተጭኗል። ዶክተር ፊልሙን አሳዩንና ሙያዬን ጠየቁኝ። ስነግራቸው ሳቁ። ከመሳቢያቸው የናሙና ብሎን አውጥተው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ።

ቲታኒየም ነው፤ ሲይዙት ቀለል ይላል። ቁመቱ 45 ሚሊሜትር፣ ውፍረቱ 6.5። ጭንቅላቱን ነካ ሳደርገው ወዲያ ወዲህ ተወዛወዘ። «ይሄማ ተበላሽቷል» አልኩ። ለካ ሥራው ነው! ፖሊአክሲያል ይሉታል። አጥንት ውስጥ የገቡ ብሎኖች በአንድ መስመር አይሰለፉም፤ ስለዚህ ጭንቅላታቸው እየዞረ ብሎኖቹን የሚያያይዘውን ዘንግ ይቀበላል። ከላይ ትንሿ ብሎን ስትጠብቅ ሁሉም ድርቅ ይላል። ጭንቅላቱ የማይነቃነቅ ሞኖአክሲያልም አለ፤ የተጣመመ አከርካሪ ለማቃናት ይጠቅማል አሉኝ።

እማዬ 67 ዓመቷ ነው፣ አጥንቷ ትንሽ ሳስቷል። «የረጠበ ቺፑድ ቪቴ ይይዛል እንዴ?» አልኳቸው። ጥያቄዬን ወደዱት። በጣም ለሳሳ አጥንት መሃሉ ክፍት፣ ጎኑ ቀዳዳ ቀዳዳ የሆነ ብሎን አለ። በዚያ በኩል የአጥንት ሲሚንቶ ይገፋበታል። (የግንቡን ሲሚንቶ እንዳታስቡ፤ እኔ አስቤ ነበር።) የእሷ እዚያ ስላልደረሰ በተለመደው ብሎን ተሠራ፤ አራት ብሎን፣ ሁለት ዘንግ።

ስለ መላላቱ የመለሱልኝን ግን አልረሳውም። «አንተ ኮላው እስኪደርቅ በሞርሳ ታስር የለ? ብሎኑ ሞርሳው ነው። ኮላው አጥንቱ ነው፤ ሁለቱ የወገብ አጥንቶች እርስ በርስ ለመጣበቅ ከስድስት ወር እስከ ዓመት ይፈልጋሉ። ካልተጣበቁ ብረቱም ይላላል፣ ሊሰበርም ይችላል።» ለዚህ ነው እማዬ ዕቃ እንዳታነሳ ልጆቿ በሙሉ ዘበኛ የሆንነው።

በማግስቱ በነርሷ ክንድ ተደግፋ ቆመች። አሁን ቡናዋን ራሷ ታፈላለች፤ ረከቦቱን ግን እኛ ነን የምናነሳው።

ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስማቸውን እዚህ እንዳልጽፍ ለምነውኛል። የወገብ ሰርጀሪ ተብሎ የተጨነቀ ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ አገናኘዋለሁ። የኤምአርአይ ምስላችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ ጥያቄም አትፈሩ፤ አይሰለቹም።

የናሙናውን ብሎን ግን አልሰጡኝም። ጠይቄ ነበር።