ስዕላችንን በወጉ ለሰቀሉልን ጋሼ

ይህን ጽሁፍ ለመጻፍ ሁለት ሳምንት ዘግይቻለሁ። የስዕል ዐውደ ርዕያችን አልቆ፣ ስዕሎቹ ለባለቤቶቻቸው ተመልሰው፣ አዳራሹ ተጠርጎ፣ አሁን ገና ነው ቁጭ ያልኩት።

ደብረ ማርቆስና ዙሪያዋ ላላችሁ፣ ከደጀን እስከ ፍኖተ ሰላም፣ አንድ ሰው ልጠቁማችሁ ነው። ስዕል ለምትሥሉም፣ የአባታችሁን የድሮ ፎቶግራፍ በወጉ ግድግዳ ላይ ማየት ለምትፈልጉም። ሥራቸው ፍሬም መሥራት፣ ሸራ መወጠርና ስዕል መስቀል ነው። ስማቸውን አልጽፍም። «ስሜን ተይው፤ ሥራውን ካየሽው ሥራውን ጻፊ» ብለውኛል። ስዕል የምንማርበት ማዕከል ውስጥ ያለን ሁላችን «ጋሼ» ነው የምንላቸው። እዚህም ጋሼ እላቸዋለሁ።

ማዕከላችን ትንሽ ነው። አንድ ረጅም አዳራሽ፣ ሁለት ክፍል፣ አንድ ግቢ። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆችን ስዕል አስተምራለሁ። ከልጆቹ ሌላ አንዲት ነርስ፣ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር፣ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ የቤተ ክርስቲያን ስዕል የሚሥሉ አንድ መሪጌታም ይመጣሉ። ዘንድሮ ጥቅምት ላይ የ19 ሰዎችን 34 ሥራዎች ለከተማው ሰው አሳየን።

ጋሼን ለምን እንዲህ እንደማመሰግን እንዲገባችሁ አንድ የቆየ ነገር ልንገራችሁ።

ከአራት ዓመት በፊት በሌላ ከተማ፣ በአንድ አዳራሽ ተማሪዎቼን ይዤ ተሳትፌ ነበር። ስዕሎቹን ተቀብለው በፕላስተር ግድግዳው ላይ ለጠፏቸው። በነጋታው ጠዋት ስንመጣ ግማሾቹ ወለል ላይ ናቸው። የቀሩትን ሲያነሷቸው ፕላስተሩ ቀለሙን ይዞ ተነሣ። አንዲት የ12 ዓመት ተማሪዬ የአያቷን እጅ ሥላ ነበር። እንዝርት የያዘ እጅ። አውራ ጣቱ ከፕላስተሩ ጋር ሄደ። ልጅቷ አላለቀሰችም። ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ያህል እርሳስ አላነሣችም።

እኔም ከዚያ ወዲህ ዐውደ ርዕይ ሲባል ሆዴ ይፈራል። ዘንድሮ ልጆቹ ነዝንዘው ነዝንዘው ነው እሺ ያልኩት። እሺ ካልኩ በኋላ ደግሞ እንቅልፍ አጣሁ። ማን ይሰቅለዋል? በምን ይሰቀላል? ያኔ ነው ጡረተኛው መምህር «አንድ ሰው አውቃለሁ፤ የሠርጌን ፎቶ ፍሬም የሠሩልኝ ናቸው፤ ይኸው 31 ዓመቱ፣ አንድም ቀን አልተንቀሳቀሰም» ያሉኝ።

ጋሼ መጀመሪያ የመጡ ቀን ስዕሎቹን አላዩም። ግድግዳውን ነው ያዩት። መዳፋቸውን አሳርፈው ከጥግ እስከ ጥግ ሄዱ፤ አንዳንዱ ጋ ቆመው በጀርባ እጃቸው እንደገና ነኩት፤ ሕፃን ትኩሳት እንዳለው እንደሚነካው። «ይሄኛው ገና ክረምቱን አልጨረሰም» አሉኝ። እውነትም በምሥራቅ በኩል ያለው ግድግዳ እርጥብ ነበር። የእኛ አገር ክረምት ታውቁታላችሁ። መስከረም ቢጠባም ግድግዳው ውስጥ ይቆያል።

ታዲያ ምን አደረጉ? በያንዳንዱ ፍሬም ጀርባ፣ ከታች በኩል በሁለቱ ጥግ፣ የጠርሙስ ቡሽ ቆርጠው ለጠፉ። እንደ አሥር ሳንቲም የምታህል ክብ። ፍሬሙ ከግድግዳው ትንሽ ይርቃል፤ በመሃል አየር ያልፋል፤ እርጥበቱ ወደ ሸራው አይሻገርም። ይኸው ነው። ስንት ስዕል ሻግቶ ሲጣል አይቻለሁ፣ መድኃኒቱ ግን ይህችን ያህል ቡሽ ናት።

እንጨቱን በተመለከተ ደግሞ ግትር ናቸው። ግትርነታቸውን ወደድኩት። «በባህር ዛፍ ይሁን፣ ይርከስልን» ብያቸው ነበር፣ ገንዘባችን ትንሽ ስለሆነ። «ልጄ፣ ያልደረቀ ባህር ዛፍ ዛሬ ቀጥ ይልልሻል፤ በጥር ይጣመማል፤ ሸራሽንም አብሮ ይጎትተዋል» አሉኝ። ዋንዛ ነው የሚጠቀሙት። ሱቃቸው ውስጥ ጣሪያው ሥር ተደርድሮ የሚደርቅ ዋንዛ አለ፤ ከመቁረጣቸው በፊት አንሥተው በእጃቸው ይመዝኑታል። ከብዷቸው ከሆነ ይመልሱታል። ማዕዘኑን 45 ዲግሪ ቆርጠው ሲገጥሙት አይቻለሁ። ጥፍሬን በመጋጠሚያው ላይ አሳለፍኩ። የሚይዘው ነገር አጣ።

ሸራ የሚባለው ነገር እኛ ዘንድ ብዙውን ጊዜ አቡጀዲ ነው፤ ከውጭ የሚመጣው ሸራ ውድ ነው። እስከ ዛሬ እኔ የምወጥረው ከአንድ ጥግ ጀምሬ ዞሬ ነበር። ለዚህም ነው ሁልጊዜ ጥጉ ላይ የሚሸበሸብብኝ። ጋሼ ከመሃል ነው የሚጀምሩት። አንዱን ጎን መሃሉ ላይ ከእንጨቱ ጋር ይመቱታል፤ ትይዩውን ጎን ስበው መሃሉ ላይ ይመቱታል፤ ከዚያ ሌሎቹን ሁለቱን። ከመሃል ወደ ጥግ፣ ወዲህና ወዲያ እያሉ። ሲጨርሱ በጣታቸው ይመቱታል። እንደ ከበሮ ድም ይላል። ልጆቹ ይህን ድምፅ ለመስማት ተራ ይይዙ ነበር።

አቡጀዲውን እየወጠሩ ስለ ዘጌ ያወሩናል። ወጣት ሳሉ ከባሕር ዳር በጀልባ ተሻግረው ኡራ ኪዳነ ምሕረትን አይተዋል። የመቅደሱ ግድግዳ ላይ ያሉት ስዕሎች ከርቀት ሲታዩ ግድግዳው ላይ በቀጥታ የተሣሉ ይመስላሉ። ጠጋ ሲሉ ግን ጨርቅ ነው። የጥጥ ጨርቅ በግድግዳው ላይ ተለጥፎ ነው የተሣለበት። «አባቶቻችን ጨርቁን ጭቃ ላይ አጣበቁት፤ እኔ እንጨት ላይ እወጥረዋለሁ፤ ጨርቁ ያው ጨርቅ ነው» ይላሉ። ልጆቼ የሚሥሉበት አቡጀዲ ከዘጌ ጋር ዘመድ መሆኑን እኔ አስተማሪያቸው ሆኜ አንድም ቀን ነግሬያቸው አላውቅም ነበር።

መሪጌታ ደግሞ ብራና ይዘው መጡ። ከዓመታት በፊት ራሳቸው የሣሉት ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው፤ ተጠቅልሎ የኖረ። መስታወት ውስጥ ይግባልኝ አሉ። ጋሼ ብራናውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ወደ መስኮቱ ወሰዱት፤ ብዙ ጊዜ ዝም ብለው አዩት።

«መሪጌታ፣ ይህን ኮላ አላስነካውም» አሉ።

«ታዲያ በምን ይያዛል?»

«እርስዎ ያውቁታል እኮ፤ ቆዳ ነው። እርጥበት ሲያገኝ ይላላል፤ ሲደርቅ ይሰበሰባል። ኮላ ከያዘው መሄጃ ያጣና ይቀደዳል።»

ከዚያ ከነጭ ወረቀት አራት ትንንሽ ኪሶች አጠፉ። የብራናው አራት ጥጎች ኪሶቹ ውስጥ ገቡ፤ ኪሶቹ ከጀርባው ካርቶን ጋር ተያያዙ። ብራናውን የነካው ኮላ የለም። በመስታወቱና በስዕሉ መካከልም ዙሪያውን ወፍራም ነጭ ካርቶን አደረጉ፣ ቀለሙ መስታወቱ ላይ እንዳይጣበቅ። መሪጌታ ሲጨርሱላቸው ምንም አላሉም። ተነሥተው ትከሻቸውን ሳሟቸው።

በዐውደ ርዕዩ ሰሞን ብዙ ልጆች የሚሰበሰቡት እዚህ ብራና ሥር ነበር። መሪጌታ ራሳቸው ቆመው ያስረዱ ነበር። ደጋጎቹ ሁለት ዓይናቸው እንዲታይ ተደርገው ይሣላሉ፤ ክፉዎቹ በጎን፣ አንድ ዓይናቸው ብቻ እንዲታይ። ልጆቹ ወዲያው ሌሎቹን ስዕሎች እየዞሩ «ይሄ ደግ ነው! ይሄ ክፉ ነው!» ማለት ጀመሩ። ነርሷ የሣለችው በጎን የቆመ ልጅ ያለ ጥፋቱ ክፉ ተባለ። እሱንም ማስረዳት ነበረብን። በዚያው ስለ ቄስ አዳሙ ተስፋው አነሣሁላቸው። የዚሁ የጎጃማችን፣ የቢቸና ሰው ናቸው፤ ከቤተ ክርስቲያን ስዕል ተነሥተው ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2005 ሎስ አንጀለስ በሚገኘው ፋውለር ሙዚየም ለብቻው ታይቷል። ከቢቸና! አንዱ ልጅ «አጎቴ እኮ ቢቸና ነው» አለና ደረቱን ነፋ።

ወደ ጋሼ ልመለስ። ስዕሎቹን ሰቅሎ መጨረስ ሁለት ቀን ፈጀ። ውሃ ልክ፣ ሜትር፣ ሲባጎ፣ ድሪል፣ ፊሸር። እኔ የስዕሎቹን የላይ ጠርዝ በአንድ መስመር ማስተካከል ነበር የለመድኩት። እሳቸው መሃላቸውን ነው የሚያስተካክሉት። የስዕሉ መሃል ከወለሉ 150 ሳንቲ ሜትር ላይ እንዲውል ለክተው ሲባጎውን ከጥግ እስከ ጥግ ወጠሩ። ትልቁም ትንሹም ስዕል በዚያ ሲባጎ ላይ መሃሉን አሳረፈ። ስትገቡ ዓይናችሁ ሳይደናቀፍ ይሄዳል። ለምን ደስ እንደሚል አታውቁትም፤ ብቻ ደስ ይላል።

የትንንሾቹ ልጆች ሥራ ያለበት ግድግዳ ጋ ሲደርሱ ግን ሲባጎውን ፈቱና ወደ 110 አወረዱት። «ይህን የሚያዩት እነማን ናቸው? ታናናሾቻቸው አይደሉም?» አሉኝ። በመክፈቻው ቀን አንዲት የአራት ዓመት ልጅ ያለ ማንም እገዛ የወንድሟን ስዕል አፍንጫዋን አስጠግታ ስታየው ነበር። ጋሼ ከበሩ አጠገብ ቆመው ያዩዋታል። ያን ጊዜ ፊታቸውን ብታዩት!

በወረቀት ላይ በውሃ ቀለም የተሣሉትን መስኮት ካለበት ፊት ለፊት እንዳይውሉ ወደ ውስጠኛው ግድግዳ አዛወሯቸው፤ ፀሐይ ቀለማቸውን ስለምትበላው። መስኮቶቹንም በስስ አቡጀዲ ሸፈኗቸው። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት መብራት ሲጠፋ የዳንነው በዚህ ነው። በአቡጀዲው ውስጥ የሚገባው ብርሃን ለስላሳ ሆኖ አዳራሹን ሞላው፤ መስታወት ላይም አያንጸባርቅም። አንድ ጎብኚ መብራት መጥፋቱን ያወቀው ሲወጣ ነው።

አሁን ስለዚያች የአያቷን እጅ ስለሣለች ልጅ። 16 ዓመቷ ነው። ለዚህ ዐውደ ርዕይ አዲስ ሥራ እንድታመጣ ጠብቄ ነበር። ያመጣችው ያችኑ አራት ቦታ የታጠፈች ወረቀት ነው። ጋሼ ጠረጴዛ ላይ ዘረጓት። በንጹሕ ወረቀቶች መሃል አድርገው ከላይ ሳንቃ ጭነው አሥር ቀን አቆዩዋት። እጥፋቱ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። አውራ ጣቱ የነበረበት ቦታ ነጭ ነው።

«እዚህ ጋ መልሰሽ ትሥይው?» ብለው ጠየቋት።

«አይ፣ ጋሼ። እንዲሁ ይሁን።»

እሺ አሉ። ሌላ ሰው ቢሆን ይመክራት ነበር፤ እኔ ራሴ አፌን ልከፍት ምንም አልቀረኝም ነበር። ከዋንዛው ውስጥ ቃጫው ቀጥ ያለውን መርጠው ጠባብ ፍሬም ሠሩላት፤ ቫርኒሹንም ስስ አድርገው። አያቷ የመጡት በቅዳሜው ነው። እጃቸውን ከስዕሉ አጠገብ አንሥተው አውራ ጣታቸውን ነጩ ቦታ ላይ፣ መስታወቱ ላይ አሳረፉ። ልክ ገጠመ። ልጅቷ አሁን በየሳምንቱ ትመጣለች።

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለእንጨቱና ለመስታወቱ ያወጡትን ብቻ ተቀብለው የእጅ ዋጋዎን «ለልጆቹ ነው» ብለው ትተውልናል። እኛ ግን ሌላ ሰው ሲመጣ ሙሉ ዋጋዎን እንዲከፍልዎት እንፈልጋለን፤ ለዚህም ነው የምጽፈው። ዕድሜና ጤና ይስጥልን።

ለእናንተ ደግሞ ማወቅ ያለባችሁን ልንገራችሁ። ጋሼ አይቸኩሉም። «ለነገ ይድረስልኝ» ካላችሁ አይቀበሉም። ሠርግ ወይም ምረቃ ካላችሁ ቢያንስ ከሦስት ሳምንት በፊት ሂዱ። ዋጋው እንደ መጠኑና እንደ መስታወቱ ይለያያል፤ ከባህር ዛፍ ፍሬም ይወደዳል፣ ግን ስትከፍሉ የምትከፍሉት ለምን እንደሆነ ራሳቸው ቁጭ አድርገው ያስረዷችኋል። ስልክ ሥራ ላይ ሲሆኑ አያነሡም። የምትፈልጓቸው በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። ወይም ማዕከሉ በር ላይ ጥበቃውን «ፍሬም የሚሠሩት ጋሼ» በሉት፤ ያሳያችኋል።

ስትሄዱ ጠዋት ሂዱ። ሸራ ጠቅልላችሁ ከሆነ የምትወስዱት ቀለም ያለበት ፊቱ ወደ ውጭ ይሁን፤ ወደ ውስጥ ከተጠቀለለ ቀለሙ ይጨማደዳል ይላሉ። እኔ በመጀመሪያው ቀን ወደ ውስጥ ጠቅልዬ ወስጄባቸው ሳይናገሩኝ ፈትተው፣ ገልብጠው፣ እንደገና ጠቅልለው ሰጡኝ።