ጎርጎራ ላይ ሞተሩን አጥፍቶ ለሚቀዝፈው ልጅ ምስጋና

ይህ ምስጋና ለአንድ የጎርጎራ ጀልባ ነጂ ነው። ነጂውም አስጎብኚውም እሱው ነው። «ስሜን አትጻፉ» ስላለ አልጻፍነውም፤ ወደቡ ላይ «መቅዘፊያ ከጀልባው የማይለየው ልጅ» ብላችሁ ብትጠይቁ ግን ያሳዩዋችኋል። ከጎንደር ተነስታችሁ የጣናን ደሴቶችና ወፎች በአንድ ቀን አይታችሁ ለመመለስ ያሰባችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ እሱን ፈልጉት።

እዚህ ሐይቅ ላይ ጉብኝት ተብሎ የሚሸጠውን ያየ ሰው ለምን እንዲህ እንደምንል ይገባዋል። ዋጋ ተስማምተው አሳፍረው፣ ውሃው መሃል ሲደርሱ «ነዳጅ ጨምሯል» የሚሉ አሉ። ለስምንት ሰው አራት ላይፍ ጃኬት፣ እሱም ማሰሪያው የተበጠሰ። ከሁሉ የሚያንገበግበው ግን የሻላ (የፔሊካን) መንጋ ባዩ ቁጥር ሞተሩን እያስጮኹ መሃሉ የሚገቡት ናቸው፤ «ሲበሩ ፎቶ ያምራል» ይላሉ። ሻላ ከባድ ወፍ ነው። ለመነሳት ነፋሱን ተጋፍጦ ውሃውን በእግሩ እየመታ መንደርደር አለበት። በአንድ ጠዋት አምስት ጀልባ ካስነሳው መቼ ሊበላ ነው? ጎጆዋ ላይ የተኛች ወፍ ስትባረርማ እንቁላሏ ለፀሐይና ለቁራ ይቀራል። እነማን እንደሆኑ አንጠራም፤ ራሳቸውን ያውቃሉ።

ይህ ልጅ መንጋው ገና በሩቁ ሲታየው ሞተሩን ያጠፋል። መቅዘፊያውን ያነሳና በጎን በኩል ዞሮ ቀስ እያለ ይጠጋል፤ ነፋሱ የሚመጣበትን አቅጣጫ አይዘጋባቸውም፣ መነሻ መንገዳቸው ነውና። ሻላዎቹ ማደናቸውን ትተው አንገታቸውን ቀጥ ካደረጉ መቅዘፉን ያቆማል፤ እርስ በርስ ከተጠጋጉ ደግሞ ወደ ኋላ ይመለሳል። እንዲህ ሲቀረቡ ነው ሥራቸው የሚታየው። ግማሽ ክብ ሠርተው ዓሣውን ወደ ዳር ይነዱትና ሁሉም ባንዴ ምንቃራቸውን ይነክራሉ። ከዚያ ምንቃራቸውን ደረታቸው ላይ ደገፍ አድርገው ከሥሩ ካለው ከረጢት ውሃውን ያንጠፈጥፋሉ፤ ቀና ብለው የሚውጡት ውሃው ካለቀ በኋላ ነው። የውሃው ጠብታ ሲወርድ ከጀልባው ሆኖ ይሰማል። ሞተር እያስጮኸ የሚሄድ ሰው ይህን መቼም አያየውም።

ሙያውን ለማወቅ ደግሞ ዓይኑን ተከተሉ። ከሞተሩ ጎን የምትፈሰውን ቀጭን ውሃ በየደቂቃው ያያታል። እሷ ከቀጠነች ማቀዝቀዣው ተዘግቷል ማለት ነው፤ ሐይቁ ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 የታየው እምቦጭ የሚባል አረም በተለይ በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ጠላት የሆነው ለዓሣ አጥማጁ ብቻ አይደለም። ሥሩ የሞተሩ ማዞሪያ ላይም ይጠመጠማል። ልጁ በጉልበት ለማለፍ አይሞክርም፤ አጥፍቶ፣ ሞተሩን አንስቶ፣ በማጭድ ቆርጦ ይቀጥላል። የሃይላንድ ጠርሙስ ተንሳፍፎ ካየም ይዞራል፣ ከሥሩ የሰው መረብ አለ። የደንገል ታንኳ አጠገብ ሲደርስ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ጀልባው የሚያስነሳው ማዕበል ታንኳዋን ሊገለብጥ ይችላላ! ነዳጁንም በሦስት ይከፍለዋል፦ አንዱ ለመሄጃ፣ አንዱ ለመመለሻ፣ አንዱ ለክፉ ቀን።

ደግነቱን ሳንናገር ብናልፍ ነውር ነው። ሴት የማይገባባቸው ገዳማት እንዳሉ ታውቃላችሁ። ወንዶቹ ሲገቡ ሴቶቹ ዳር ላይ ፀሐይ እየመታቸው መጠበቅ የተለመደ ነው። እሱ ወንዶቹን ያወርድና «እማማ፣ እዚህ አይቀመጡም፤ ንስሩን ላሳይዎት» ብሎ ወደ ባሕረ ሰላጤው ይወስዳቸዋል። ነጭ ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ የሚጮኸውን ዓሣ አዳኝ ንስር ከወንዶቹ ይልቅ ሴቶቹ ያዩታል። ለዚህ አንድ ብር አያስጨምርም።

ዳር ላይ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለውን ጥቁር ድንጋይ አንስቶ ያስይዛችኋል። ከእሳተ ገሞራ ቀልጦ የወጣ ድንጋይ ነው፤ ቀዳዳው ጋዙ የወጣበት። ጣናም ሐይቅ የሆነው እንዲህ ያለ የቀለጠ ድንጋይ ፈሶ የውሃውን መውጫ ስለዘጋበት ነው። የበለጠውን እሱ ይንገራችሁ፣ ከእኛ ይልቅ ይችልበታል።

ለምትሄዱ፦ ከጎንደር በአዘዞና በቆላ ድባ በኩል ስልሳ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ውጡ። ዋጋውን በሰው ሳይሆን በጀልባ፣ መጠበቂያና መመለሻውን ጨምራችሁ ተነጋገሩ፤ የገዳማቱ መግቢያ ለብቻ ነው። ከአውሮፓ የሚመጡትን ወፎች ለማየት ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ይሻላል። ኮፍያ፣ ውሃ፣ ለቤተ ክርስቲያን ነጠላ ያዙ። ደብረ ሲና ማርያምን ስትመለሱ እዩ፤ ወደቡ አጠገብ ናት፣ ሥዕሎቿ ብቻቸውን መንገዱን ያስረሱታል።

እና አትዘግዩ። ጣና ጥልቅ ከሚባለው ቦታው እንኳ 14 ሜትር ገደማ ስለሆነ የቀትሩ ነፋስ ሲነሳ አጭርና ቀጥ ያለ ማዕበል በቶሎ ይሠራል። ልጁ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ወደብ ላይ ነው። ብር ብትጨምሩለትም ከሰዓት አይወጣም፤ «ነገ ጠዋት ኑ» ይላችኋል።