በሐዋሳ የልጆች ቁመትና የማሰብ ችሎታ ልኬት፦ የአንድ የግል ማዕከል አገልግሎት ሲመዘን

በሐዋሳ ከተማ ነሐሴ ሲገባ፣ ወላጆች ለልጆቻቸው ትምህርት ቤት በሚያፈላልጉበት ወቅት፣ «የልጅዎን ቁመትና የማሰብ ችሎታ በአንድ ቀን ለክተን ውጤቱን እንሰጣለን» የሚሉ ማስታወቂያዎች በየሰፈሩ ይለጠፋሉ። ሰባት ዓመት የሞላውን ወንድ ልጄንና የ20 ወር ሴት ልጄን ይዤ ይህን አገልግሎት ከሚሰጡት ወደ አንዱ ሄጄ ነበር። የማዕከሉን ስም አልጠቅስም፤ የምጽፈው ስለ አሠራሩ ስለሆነ ወደ ሌሎች ተመሳሳይ ቦታዎች የሚሄድ ወላጅም ይጠቀምበታል ብዬ አምናለሁ። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ የቁመት ልኬቱ ከጠበቅሁት በላይ ጥንቃቄ የተሞላበት ነው፤ የማሰብ ችሎታ ፈተናው ግን ለተከፈለበት ገንዘብ አይመጥንም፤ ሁለቱን በአንድ ወረቀት አጣምሮ ማቅረቡ ደግሞ ወላጅን ያሳስታል።

የቁመት ክፍሉን የምትመራው ነርስ፣ ሁሉም «ሲስተር» እያለ የሚጠራት፣ ሥራዋን ጠንቅቃ የምታውቅ ባለሙያ ናት። በመጀመሪያ የጠየቀችው የክትባት ካርድ ነው። ካርዱ ላይ ያለው የልደት ቀን በእኛ አቆጣጠር የተጻፈ፣ ኮምፒዩተሩ ደግሞ የአውሮፓውያኑን ብቻ የሚቀበል በመሆኑ፣ ቀኑን ቀይራ፣ ዕድሜውን በወር አስልታና ለእኔም አሳይታ ነው ወደ ልኬቱ ያለፈችው። ልጁን ጫማና ካልሲ አስወልቃ፣ ተረከዙ፣ መቀመጫው፣ ትከሻውና የራሱ የኋላ ክፍል የመለኪያ ሰሌዳውን እንዲነኩ አድርጋ አቆመችው። ከዚያም ጎንበስ ብላ ከጎኑ እያየች የዓይኑ ጉድጓድ የታችኛው ጠርዝና የጆሮው ቀዳዳ የላይኛው ጠርዝ በአንድ አግድም መስመር ላይ እስኪውሉ ድረስ አገጩን በሁለት ጣቷ አስተካከለች። «ማሙዬ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት እያየህ አየር በደንብ ሳብ» ብላ ተንሸራታቹን እንጨት ፀጉሩን እስኪጫን ዝቅ አድርጋ አነበበች። ከሰሌዳው አውርዳ እንደገና አቁማ ለካችው፤ አንዱ ንባብ 116.5፣ ሌላው 116.7 ሴንቲ ሜትር ሆነ፤ የመዘገበችው 116.6 ነው። ከቁጥሩ ጎን የተለካበትን ሰዓት ጻፈች፤ በቀጣዩም በጠዋት እንዳመጣው አሳሰበችኝ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሰው ሲቆምና ሲንቀሳቀስ ሲውል በአከርካሪው አጥንቶች መካከል ያሉት ልስልስ ክፍሎች ስለሚጨመቁ፣ ጠዋት የተለካ ሰው ማታ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል አጥሮ ሊገኝ ይችላል።

ሴት ልጄ ሁለት ዓመት ስላልሞላት የተለካችው ተኝታ ነው። የሹሩባዋን ጨሌ ፈታን፤ ረዳቷ ጭንቅላቷን ከቋሚው ሰሌዳ አስደግፋ ያዘች፤ ሲስተር ጉልበቷን በቀስታ አስተካክላ ተንቀሳቃሹን ሰሌዳ ወደ ተረከዟ አስጠጋች። በዚህ ዕድሜ ያለን ልጅ አቁሞ መለካት 0.7 ሴንቲ ሜትር ያህል እንደሚያሳጥረው ይታወቃል፤ እዚህ ግባ የማይባል ቢመስልም አንድን ሕፃን ከጤናማው ክልል ለማስወጣት አንዳንዴ ይበቃል። አንድ ሰው ብቻውን ሕፃን አስተኝቶ ሲለካ ካያችሁ ውጤቱን አትቀበሉ።

ልኬቱ የሚነጻጸርበት መመዘኛም የሚታመን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው የዕድገት መመዘኛ የተሠራው በብራዚል፣ በጋና፣ በህንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ጡት እየጠቡና በቂ እንክብካቤ እያገኙ ያደጉ 8,500 ያህል ልጆችን በመለካት ነው። በስድስቱ አገሮች ያሉት ልጆች በእነዚያ የመጀመሪያ ዓመታት ቁመታቸው እጅግ ተቀራራቢ ሆኖ በመገኘቱ፣ የሐዋሳ ሕፃን በዚህ ሲታይ በባዕድ ሚዛን ተመዘነ አይባልም። ከአምስት ዓመት በላይ ላሉት የሚያገለግለው እ.ኤ.አ. የ2007 ማነጻጸሪያ ግን መነሻው የአሜሪካ ልጆች መረጃ ነው፤ ይህንንም ሲስተር ሳልጠይቃት ነገረችኝ። በዚያ መሠረት ሰባት ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ አማካይ ቁመት ወደ 122 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የእኔ ልጅ ከአማካዩ አንድ መደበኛ ልይይት (ልጆች ከአማካዩ በተለምዶ የሚርቁበት መጠን) ያህል ዝቅ ይላል፤ ፍጹም ጤናማ ነው። በዚህ ክፍል ያገኘሁት ጉድለት አንድ ብቻ ነው። የውጤት ወረቀቱ ላይ «ሲያድግ የሚደርስበት ቁመት 172.5» ተብሎ ተጽፏል። የአባትና የእናት ቁመት ተደምሮ፣ ለወንድ ልጅ 13 ተጨምሮ ለሁለት ማካፈል በሕክምናው የታወቀ ስሌት ነው፤ የእኔ 172 እና የእናቱ 160 ወደዚያው ቁጥር ያደርሳሉ። ነገር ግን ስሌቱ ከላይም ከታችም 8.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት አለው፤ ልጁ በ164 እና በ181 መካከል በየትኛውም ቦታ ሊቆም ይችላል ማለት ነው። ክፍተቱ ሳይጻፍ ቁጥሩ ብቻ መስጠቱ ልክ አይደለም።

የማሰብ ችሎታ ፈተናው በሌላ ክፍል በታብሌት ይሰጣል፤ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ፈታኙ ትሑትና ልጅ ወዳጅ ወጣት ነው፤ ቅሬታዬ በእሱ ላይ አይደለም። ከጥያቄዎቹ የተሻሉት የጎደለውን ቅርጽ ፈልጎ ማሟላትን የሚጠይቁት ናቸው፤ ቃል ስለማያስፈልጋቸው ልጄ በደስታ ሠራቸው። ከዚያ የሥዕል ጥያቄዎች መጡ። የአንድ ቤት ሥዕል ቀርቦ «የጎደለው ምንድን ነው?» ሲባል፣ ልጁ ጥቂት አየና «አጥር የለውም» አለ። ፈታኙ ስህተት ብሎ መዘገበ፤ የሚጠበቀው መልስ በጣሪያው ላይ የሚቆም የጭስ ማውጫ ነበር። በሐዋሳ ተወልዶ ያደገ ልጅ አጥርና በር የሌለው ቤት ጎዶሎ መስሎ ቢታየው አስተውሎ መመልከቱን ያሳያል እንጂ አለማወቁን አያሳይም። ከእኛ ቀጥሎ የገባችው ልጅ ደግሞ ቤቷ የሚነገረው ሲዳሙ አፎ ነው፤ የተሰጣት ያው በአማርኛ የተቀዳ ድምፅ ነበር። አያቷ «እኔ ላስረዳት?» ብለው ሲጠይቁ አይፈቀድም ተባሉ። ደንቡ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ሲዳሙ አፎ የክልሉ የሥራ ቋንቋ በሆነበት ከተማ ፈተናውን በዚያ ቋንቋ ሳያዘጋጁ ልጅቷን መፈተን ግን ከመነሻው ስህተት ነው። የእሷ ውጤት የሚነግረን አማርኛ ምን ያህል እንደሰማች ነው።

የልጄ ውጤት 94 ተብሎ ወጣ። የማን ልጆች አማካይ 100 ተብሎ እንደተወሰደና መመዘኛው በየትኛው ዓመት እንደወጣ ጠየቅሁ፤ «ከውጭ የመጣ ነው» ከሚል መልስ በቀር አላገኘሁም። ጥያቄዬ ትርፍ አልነበረም። ጄምስ ፍሊን የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ እንዳሳየው፣ በብዙ አገሮች የፈተና ውጤት በየአሥር ዓመቱ ሦስት ነጥብ ያህል እያደገ ስለመጣ፣ ያረጀ መመዘኛ ያው ልጅ ላይ ሌላ ቁጥር ይሰጣል። በሚገባ የተጠናና ከአንድ ሰዓት በላይ የሚወስድ ፈተና እንኳ በ95 በመቶ እርግጠኝነት ሲነገር ከላይና ከታች አምስት ወይም ስድስት ነጥብ ይተዋል፤ የዚህ አጭር ፈተና ክፍተት ከዚያ ሊጠብ አይችልም። ስለዚህ በ94 እና በ100 መካከል ያለው ልዩነት ወላጅን እንቅልፍ ሊነሳ አይገባም።

ከፈተናው ክፍሎች አንዱ ብርሃን ሲበራ በፍጥነት መንካት ነው፤ ይህ እንደ አእምሮ መለኪያ መቅረቡ በጣም አሳዝኖኛል፤ የዛሬ መቶ ዓመት የተተወ ሐሳብ ነውና። እንግሊዛዊው ተመራማሪ ፍራንሲስ ጋልተን እ.ኤ.አ. በ1884 በለንደን የጤና ዐውደ ርዕይ ላይ ሦስት ፔኒ እያስከፈለ ከ9,000 በላይ ሰዎችን ቁመታቸውን፣ የእጃቸውን ጉልበት፣ የዓይናቸውን ጥራትና የምላሽ ፍጥነታቸውን ለክቷል፤ ከእንዲህ ያለው ልኬት የአእምሮ ብቃት ይገኛል ብሎ ያምን ነበር። በ1901 አሜሪካዊው ተመራማሪ ክላርክ ዊስለር በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ ሲፈትሸው ፍጥነቱ ከትምህርት ውጤታቸው ጋር የሚረባ ግንኙነት ሳይኖረው ቀረ። የዛሬዎቹ ፈተናዎች አባት የሚባለው አልፍሬድ ቢኔ በ1905 ከቴዎዶር ሲሞን ጋር ፓሪስ ላይ ያዘጋጀው በሌላ መንገድ ነው፤ ዓላማውም በመደበኛው ክፍል ተጨማሪ እርዳታ የሚያሻቸውን ልጆች ለይቶ ለማወቅ ነበር። ቢኔ ራሱ የአእምሮ ብቃት እንደ ርዝመት አንዱ በሌላው ላይ ተደርቦ የሚለካ ነገር አለመሆኑን ጽፏል።

ማዕከሉ ሊያስረዳን የሚገባው ይህንኑ ነበር። 120 ሴንቲ ሜትር ያለው ልጅ 100 ሴንቲ ሜትር ካለው በእርግጥ በ20 በመቶ ይረዝማል። በፈተናው 120 ያገኘ ልጅ ግን 100 ካገኘው በ20 በመቶ ይበልጣል ማለት አይቻልም፤ ቁጥሩ የሚያመለክተው በተመሳሳይ ዕድሜ ካሉት መካከል በስንተኛ ደረጃ ላይ እንደተቀመጠ ብቻ ነው። አማካዩ 100፣ መደበኛ ልይይቱ 15 የሆነውም ባለሙያዎች እንዲያ ብለው ስለተስማሙ ነው።

ከሁሉ የከፋው የመጨረሻው ወረቀት ነው። የልጄ ቁመትና የፈተና ውጤት በአንድ ሥዕላዊ መግለጫ ጎን ለጎን ቆመው፣ ከሥራቸው «የቁመቱ ዝቅ ማለት ከአእምሮ ውጤቱ ጋር ይጣጣማል» የሚል ዐረፍተ ነገር ሰፍሯል። በቁመትና በፈተና ውጤት መካከል ተዛምዶ መኖሩ በብዙ ጥናቶች ታይቷል፤ መጠኑ ግን፣ 0 ምንም ተዛምዶ የለም፣ 1 ደግሞ ፍጹም ተዛምዶ ማለት ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ በ0.1 እና በ0.3 መካከል ነው። 0.2 ነው ብንል እንኳ በሰዎች ውጤት መካከል ካለው ልዩነት ከቁመት ጋር የሚያያዘው ከመቶ አራት እጁ ብቻ ነው። በዚህ ተነስቶ ስለ አንድ ልጅ መናገር አይቻልም፤ ያም ሆኖ አንዲት እናት ያን ዐረፍተ ነገር አንብባ ልጇን በሌላ ዓይን ልታይ ትችላለች። ተዛምዶው የሚጠቅመው የብዙ ሕፃናት ጉዳይ ሲታይ ነው። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 58 በመቶው የቀነጨሩ (ቁመታቸው ለዕድሜያቸው በጣም ያነሰ) ነበሩ፤ በ2019 ወደ 37 በመቶ ወርዷል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የምግብ እጥረትና ተደጋጋሚ ተቅማጥ ቁመትንም የአእምሮ ዕድገትንም አብረው ይጎዳሉ፤ በጨው ውስጥ የአዮዲን መጉደልም እንዲሁ አእምሮን ይጎዳል። ያንግ ላይቭስ የተባለው የልጆችን ድህነት የሚመረምር ጥናት ከ2002 ጀምሮ በኢትዮጵያ 3,000 ያህል ልጆችን እየተከታተለ ቁመታቸውንም የቃላት ዕውቀታቸውንም ሲለካ ኖሯል፤ እንዲህ ያለው መረጃ ይህን የጋራ መንስኤ ለመረዳት ይረዳል። ስለዚህ ቁመት የሚለካው ሕፃኑ በጊዜ እርዳታ እንዲያገኝ መሆን አለበት።

ሐሳቤን ለሥራ አስኪያጁ በጽሑፍ ሰጥቻለሁ፤ በአክብሮት ተቀብለው ሁለቱን ውጤቶች በየራሳቸው ወረቀት ለመለየት ቃል ገብተዋል። እስከዚያው ድረስ ልጁ ትምህርት አልገባው ያለበት ወላጅ በቅድሚያ የልጁን ዓይንና ጆሮ በጤና ተቋም ያስመርምር፣ ከመምህሩም ጋር ይነጋገር እላለሁ፤ ጥቁር ሰሌዳው በደንብ ስለማይታየው ሰነፍ የተባለ ልጅ በየትምህርት ቤቱ አለ። ቁመት ለማስለካት ግን ማዕከሉን ያለ ስጋት እመክራለሁ። የቁመቱ ብቻ 150 ብር፣ ጥቅሉ 1,200 ብር ነው፤ ቁመት ብቻ የሚፈልግ ሰው ካርድ ክፍል ሲደርስ ለይቶ መናገር አለበት፣ ካልተናገረ ደረሰኙ የሚቆረጠው ለጥቅሉ ነው።